የመንጋጋ መጋጠሚያ ሕመምና ሕክምናው

በራስ ቅል ላይ ካሉት አጥንቶች መካከል እንደ ፈቃዳችን ልናንቀሳቅሰው የምንችለው የታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው። ስንበላ፣ ስንናገር፣ ስንስቅ፣ ስናዛጋ፣ ምራቃችንንም ስንውጥ ይንቀሳቀሳል። ጤናማ እስከ ሆነ ድረስ ማንም አያስታውሰውም። ሲታመም ግን አንዲት ቁራሽ እንጀራ ማኘክ ትልቅ ሥራ ይሆናል፤ ከጓደኛ ጋር መሳቅና መጫወትም ያስፈራል። ሕመሙ ከጆሮ አጠገብ ስለሚሰማ ጆሮውን የታመመ መስሎት የሚሠጋ፣ ወደ ጥርስ ስለሚዛመት ጤናማ ጥርሱን የሚያስነቅል ሰው አለ። ስለዚህ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚታገሥ ማወቅ ይጠቅማል።

መጋጠሚያው የት እንዳለ ለማወቅ የሁለቱን እጆቻችሁን አመልካች ጣቶች ከጆሮአችሁ ቀዳዳ ፊት አኑሩና አፋችሁን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፤ መልሳችሁም ዝጉ። ከጣታችሁ ሥር ወደ ፊት ሄዶ የሚመለስ ነገር ይሰማችኋል። እርሱ የታችኛው መንጋጋ ራስ ነው። የሚቀመጠውም ከጆሮ ፊት ለፊት፣ በራስ ቅሉ ግርጌ ባለች ትንሽ ጐድጓዳ ሥፍራ ነው።

ይህ መጋጠሚያ የሚሠራው እንደ በር ማጠፊያ ብቻ አይደለም። አፍ በመጠኑ ሲከፈት የመንጋጋው ራስ በጐድጓዳው ሥፍራ ውስጥ ይዞራል፤ አፍ ይበልጥ ሲከፈት ደግሞ ከዚያ ወጥቶ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በክርን መጋጠሚያ ላይ እንዲህ ያለ ጉዞ አይታይም። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል፣ ልም አጥንት የሚመስል ስስ ጠፍጣፋ አካል አለ። እርሱም ከመንጋጋው ራስ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አብሮም ይመለሳል። የግራውና የቀኙ መጋጠሚያ በአንድ አጥንት የተያያዙ በመሆናቸውም አንዱ ያለ ሌላው ሊንቀሳቀስ አይችልም። ከዚህ የተነሣ በአንድ ጐን ያለው የታመመ ጥርስ ባለቤቱን ዘወትር በሌላው ጐን ብቻ እንዲያኝክ ሲያስገድደው፣ ውሎ አድሮ ደኅና የነበረው መጋጠሚያ ሊታወክ ይችላል።

መንጋጋን ከሚዘጉት ጡንቻዎች ዋናው በጉንጭ ላይ ይገኛል። ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ጉንጫችሁን ብትዳስሱ ጡንቻው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ታገኙታላችሁ። ሌላው ጡንቻ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ከጆሮ በላይ ያለውን የራስ ጐን ይሸፍናል። አንዳንድ ሰው ጧት ሲነሣ ራሴን አመመኝ የሚለው ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ሲያፋጭ በማደሩ ይህ ጡንቻ ስለ ደከመ ሊሆን ይችላል።

የመንጋጋ መጋጠሚያ ሕመም የሚባለው አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው የጡንቻዎቹ ሕመም ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ያ ትራስ የሚመስለው አካል ከቦታው ሲንሸራተት አፍ በተከፈተ ቁጥር ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አልፎ አልፎም አፍ ከግማሽ በላይ አልከፈት ይላል። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ እንደ ጉልበት ሁሉ ይህም መጋጠሚያ በቁርጥማት በሽታ ይጠቃል። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ። በአሜሪካ አገር ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 12 የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገመታል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። ያለ ሕመም የሚሰማ ድምፅ ብቻውን ግን ሕክምና አያስፈልገውም። ብዙ ጤናማ ሰዎች መንጋጋቸው ቀጭ እያለ ዕድሜ ልካቸውን ይኖራሉ።

ከሕመሙ መንሥኤዎች መካከል በተማሪ ቤት አካባቢ በይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ጥርስን መንከስ ነው። በአማርኛ «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» የምንለው ለማመስገን ነው፤ መከራን ታግሦ ያለፈ ሰው ይመሰገንበታል። አነጋገሩ ትክክለኛ ትዝብት የያዘ ነው፤ ሰው ሲጨነቅ፣ ሲናደድ ወይም ሐሳቡን በአንድ ነገር ላይ ሲያውል ሳያውቀው ጥርሱን ይነክሳልና። ይሁን እንጂ ጡንቻው ምስጋናውን አያውቅም። የላይና የታች ጥርሶች በጤናማ ሰው ዘንድ የሚነካኩት በሚበላበትና በሚውጥበት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ቢደመር በቀን ከ20 ደቂቃ ያህል እንደማይበልጥ ይገመታል። በፈተና ሰሞን ጥርሱን ነክሶ ለሰዓታት የሚያጠና፣ በዚያውም ላይ የእርሳስ ጫፍ የሚያኝክ ተማሪ ጡንቻዎቹን ከዚህ ልክ እጅግ አልፈው እንዲሠሩ ያስገድዳቸዋል። ሕመሙ ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚቀልለውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ሌላም መንሥኤ አለ። በሐረር፣ በጅቡቲ፣ በሶማሊያና በኬንያ፣ ከባሕሩም ማዶ በየመን ጫት የሚቅሙ ሰዎች ቅጠሉን በአንድ ጉንጫቸው አጭቀው ለሰዓታት ያኝካሉ። ጫት የሚቅሙትን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች በእነዚህ ሰዎች ላይ የመንጋጋ መጋጠሚያ ሕመም እንደሚታይ ጽፈዋል። ማስቲካ ቀኑን ሙሉ ማላመጥ፣ ሸንኮራ አገዳን በጥርስ መላጥ፣ ደረቅ ቋንጣ መግመጥ የዚሁ ዓይነት ጫና ያስከትላሉ። ጠርሙስ በጥርሱ የሚከፍት ወጣት ጓደኞቹን ያስደንቅ ይሆናል፤ ጥርሱንም መንጋጋውንም ግን ለአደጋ ያጋልጣል። በአገጭ ላይ መውደቅና መመታትም እንደዚሁ መጋጠሚያውን ይጐዳል።

ሕክምናውን ከመጀመር በፊት ሕመሙ በእርግጥ የመጋጠሚያው መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ከጆሮ ፊትና በታች እብጠት ከትኩሳት ጋር ከታየ ጆሮ ደግፍ ሊሆን ይችላል። ከጆሮ መግል ከወጣ የታመመው ጆሮው ነው። ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ነገር ሲነካው የሚጠዘጥዝ ከሆነ ጥርሱን መመርመር ይገባል። ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስም መውጫ ሲያጣ ድዱን አሳብጦ አፍን መክፈት ይከለክላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፉና ለአንድ ቀን እንኳ ሊዘገይባቸው የማይገባ ምልክቶች አሉ። ቆስሎ የነበረ ሰው ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ መንጋጋው ከጠነከረና አንገቱም ከደረቀ፣ ይህ ቲታነስ ወይም መንጋጋ ቆልፍ የተባለው ገዳይ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በደረት ላይ ከሚሰማ ጫና፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ የመንጋጋ ሕመም የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ሲያኝክ መንጋጋው እየደከመ ካመመው፣ በጆሮው በላይ ያለው የራሱ ጐን አዲስ ሕመም ከጀመረው፣ ዓይኑም ከደበዘዘበት በሽታው የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ካልታከመም ዓይን ያጠፋል። በእነዚህ ጊዜያት የቤት ውስጥ መድኃኒት መሞከር አይገባም።

ከዚህ ውጭ ያለው አብዛኛው የመጋጠሚያ ሕመም ግን በቤት ውስጥ በሚደረግ እንክብካቤ ይሻላል። የመጀመሪያው ነገር ዕረፍት ነው። እግሩ ወለም ያለው ሰው ተቀምጦ እንደሚያስታምመው መንጋጋውን የታመመ ሰውም ለጥቂት ሳምንታት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋና ማስቲካ መተው አለበት። በምትኩ በሚገባ የራሰ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ሽሮ፣ የተቀቀለ ድንች መመገብ ይችላል። ቁራሹ ትንሽ ትንሽ ይሁን። እንግዳ አክባሪ ባለቤት የሚያጐርሰው ትልቅ ጉርሻ እንኳ ለታመመ መንጋጋ ችግር ነውና፣ ሕመሙን አስረድቶ አነስ እንዲል መለመን ነውር ሊሆን አይገባም። በሚያዛጋበት ጊዜም አፉ ከልክ በላይ እንዳይከፈት አገጩን በጡጫው ከታች ደገፍ ያድርግ።

ሁለተኛው ነገር መንጋጋ ያለ ሥራ በሚቀመጥበት ጊዜ የሚይዘውን ሁኔታ መልመድ ነው። ከንፈር በቀስታ ይገጠማል፤ ጥርሶች ግን አይነካኩም፤ የምላስ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ በስተኋላ ላንቃውን ይነካል። ይህ ለመናገር ቀላል ነው፤ ለማስታወስ ግን ያስቸግራል። አንዳንድ ሰዎች በመጽሐፋቸው ገጽ ወይም በበር ላይ ትንሽ ምልክት ለጥፈው ባዩት ቁጥር ጥርሳቸው ተነካክቶ እንደ ሆነ ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ዘዴው ዋጋ የለውም፤ ነገር ግን ከብዙ ውድ መሣሪያዎች ይልቅ እንደሚጠቅም ይህን ሕመም የሚያክሙ ይናገራሉ።

በሙቅ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ በጉንጭ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማኖር የጠጠረውን ጡንቻ ያላላል። ቆዳ እንዳይቃጠል ሙቀቱን አስቀድሞ በክንድ ላይ መሞከር ይገባል። ሕመሙ የመጣው በመመታት ከሆነ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚሻለው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ነው፤ ይህም በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥ። ከሙቀቱ በኋላ ጡንቻውን በጣት ጫፍ በክብ እያዞሩ ማሸት፣ ከዚያም ምላስን ከላንቃ ሳያላቅቁ አፍን ስድስት ጊዜ ያህል በዝግታ መክፈትና መዝጋት ይጠቅማል። እንቅስቃሴው ሕመም ካስከተለ ማቆም ያስፈልጋል።

ሕመሙ ከጠና ፓራሲታሞል ወይም ኢቡፕሮፌን ለአጭር ጊዜ መውሰድ ይቻላል። ኢቡፕሮፌን ግን የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት በሽታ ላለበት ሰውና ለነፍሰ ጡር አይስማማም። ጉንጭን ቅቤ ቀብቶ በቀስታ ማሸት በራሱ ጉዳት የለውም። በአንጻሩ ሕመሙ የጆሮ መስሎ ስለሚሰማ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ በጆሮ ውስጥ ማፍሰስ መጥፎ ልማድ ነው። የጆሮ ታምቡር ተቀዶ ቢሆን ፈሳሹ ወደ ውስጥ ገብቶ አዲስ በሽታ ያመጣል፤ መጋጠሚያውን ግን አይደርስበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ካልተሻለ፣ ወይም በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶች መካከል ሦስት ጣቶች ማስገባት ካልተቻለ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጤናማ ሰው አፉን ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፍታል፤ ሦስት ጣትም ወደዚያ ይጠጋል። ሐኪሙ ጡንቻዎቹን ይዳስሳል፤ የአከፋፈቱን ልክ ይለካል፤ ጥርሶቹንና ጆሮውን ይመረምራል፤ ካስፈለገም ራጅ ያስነሣል። እንዴት እንደሚተኛና ምን እንደሚያስጨንቀው በሽተኛውን ቢጠይቅ ከሥራው ውጭ የገባ መምሰል የለበትም፤ ይህም የምርመራው ክፍል ነው።

ለሐኪም የቀረበ ሕመምተኛ መልካሙ ሕክምና የቱ እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ሙያው ራሱ ብዙ ተንገላቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም አሥራ አንድ ሕመምተኞችን መርምሮ አንድ ጽሑፍ አወጣ። እርሱ እንዳለው የኋላ ጥርሶቹ ያለቁበት ሰው መንጋጋው ወደ ላይና ወደ ኋላ ስለሚገፋ ጆሮንና በአቅራቢያው ያሉትን ነርቮች ይጫናል። ሐሳቡ ቀላልና የሚያሳምን ይመስል ስለ ነበር ሕመሙ በስሙ እስከ መጠራት ደረሰ። በኋላ የሰውነት አካልን ያጠኑ ሊቃውንት ነርቮቹ እርሱ ባለው መንገድ እንደማይጫኑ አሳዩ። ይሁንና ጥርስን በመሞረድና የጥርስን አገጣጠም በመለወጥ ሕመሙን ለማዳን የሚደረገው ሙከራ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ቀጠለ። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ከዚህም የባሰ ነገር በ1980ዎቹ ደረሰ። በአሜሪካ ቫይቴክ የተባለ ኩባንያ ቴፍሎን ካለበት ቁስ የሠራው ሰው ሠራሽ የመጋጠሚያ ትራስ በ1983 ዓ.ም. ለገበያ እንዲቀርብ ተፈቀደለት። የተጐዳው ትራስ በቀዶ ሕክምና እየወጣ ይህ በምትኩ በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ውስጥ ተተከለ። የማኘክን ጫና ግን ሊቋቋም አልቻለም፤ ተሰባበረ። ሰውነት ስብርባሪውን እንደ ባዕድ ነገር ሲዋጋ በዙሪያው ያለው አጥንት ተበላ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ጉዳቱ እስከ ራስ ቅል ድረስ ዘለቀ። የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 1990 ማስጠንቀቂያ አውጥቶ በጥር 1991 ዕቃው ከገበያ እንዲሰበሰብ አደረገ። ከተጐዱት መካከል ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ቀዶ ሕክምና አድርገው ከሕመማቸው አልተፈወሱም። መጀመሪያ የመጡበት ሕመም ቀጭ የሚል ድምፅና ሲበሉ የሚሰማ ሥቃይ ብቻ የነበረ ሰዎች በመካከላቸው ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ሕክምናው ወደ ቀላሉ መንገድ ተመለሰ። በ2023 ዓ.ም. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ለቆየ ሕመም ቅድሚያ የሰጠው ባለሙያ እየመራ ለሚያሠራው የመንጋጋ እንቅስቃሴ፣ ጡንቻን በእጅ ለማሸትና ለማንቀሳቀስ፣ ጭንቀትንና ሕመምን መቋቋም ለሚያስተምር ምክር ነው። የመጋጠሚያውን ትራስ ቆርጦ ማውጣትን ግን አጥብቆ ተቃውሟል። ማታ ማታ በጥርስ ላይ የሚደረገው የፕላስቲክ ሽፋን በብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ ጥርስን ከመፋጨት ይጠብቃል። ሕመሙን በማስታገሥ በኩል ግን ሐኪሞች በጥቅሙ አይስማሙም፤ መመሪያውም ቀዳሚ ከሆኑት ሕክምናዎች አልደመረውም። የሚወልቅ ሽፋን ቢያንስ ካልጠቀመ ይተዋል።

በእጅ የሚደረገው ሕክምና በአንድ ነገር እጅግ ጥንታዊ ነው። አፍ ሲያዛጋ ወይም ከልክ በላይ ሲከፈት የመንጋጋው ራስ ከጐድጓዳው ሥፍራ አልፎ ሊወልቅ ይችላል። ሰውየው አፉ ተከፍቶ ይቀራል፤ መናገር ይሳነዋል፤ ምራቁ ይዝረበረባል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠው፣ በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚጠራው የግብፅ ፓፒረስ ስለዚህ ይናገራል፤ አካሚው አውራ ጣቶቹን በአፍ ውስጥ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከአገጭ በታች አድርጎ መንጋጋውን ወደ ቦታው እንዲመልስ ያዝዛል። የዛሬ ሐኪሞችም የሚሠሩት ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነው፤ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የኋላ ጥርሶችን መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ኋላ ይገፋሉ። በአገራችን ልምድ ያላቸው ወጌሾች ውልቃትን በመመለስ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ መንጋጋው የወለቀው በመውደቅ ወይም በመመታት ከሆነ አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ራጅ ሳይነሣ መግፋትም ሆነ ማሸት ስብራቱን ያብሳል።

በተለይ ሕፃናት በአገጫቸው ሲወድቁ ቁስሉ ታጥቦ ከተሰፋ በኋላ ነገሩ ይረሳል። ከጆሮ ፊት ያለው አጥንት ተሰንጥቆ እንደ ሆነ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ሳይታወቅ ከቀረ መጋጠሚያው በወራትና በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከራስ ቅሉ ጋር አንድ አጥንት ሆኖ ይገጥማል። እንዲህ የሆነ ልጅ አፉን መክፈት ያቅተዋል፤ ፈሳሽ ብቻ እየጠጣ ያድጋል፤ ጥርሱን ማጽዳት ስለማይችል ይበሰብስበታል፤ አገጩም ሳያድግ ወደ ኋላ ይቀራል። ለዚህ ሙቅ ጨርቅም ማሸትም አይረዳም፤ የገጠመውን አጥንት በቀዶ ሕክምና መለየት ግድ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ልጁ ለብዙ ወራት በየቀኑ አፉን የመክፈት ልምምድ ካላደረገ መጋጠሚያው እንደገና ሊገጥም ስለሚችል፣ ሐኪሞች ልምምዱን ከልጁ ጋር ለወላጆቹም ያስተምራሉ።